አርባ አንድ ደቂቃ

ባቱሚ፣ የካቲት። ባሕሩ ደፍርሶ፣
የሆቴሉ አዳራሽ ዝምታ ለብሶ፣
ሠላሳ ጠረጴዛ፣ ስልሳ ትንሽ ራስ፤
እግራቸው ተንጠልጥሎ ወለል የማይደርስ።

ዳኛቸው እኔ ነኝ። ላምዚራ እባላለሁ።
ጉልበቴ ቢያመኝም እየዞርኩ አያለሁ።
ሃያ ሦስት ዓመት በቼዝ መሃል ኖሬ
ሰሌዳውን ትቼ እግር አያለሁ ዛሬ፦
ያሸናፊው ልጅ እግር ይወዛወዛል፤
የተሸናፊው እግር ወንበሩን ይይዛል።

ሰሌዳ አሥራ ሰባት። ኦቲያ። ዘጠኝ ዓመቱ።
ከዙግዲዲ ድረስ ያመጣው አባቱ፣
የዓመት መንደሪኑን ላሠልጣኝ ገብሮ፣
«ዋንጫ ይዘን ነው» ብሎ ለሰፈር ተናግሮ፣
ከመስታወቱ በር ወዲያ ማዶ ቆሟል፤
ትንፋሹ መስታወት ላይ ደመና ያትማል።

ጨዋታው አልቋል። ማለቴ፣ አላለቀም።
ንጉሡ ጥግ ገብቷል፤ መሸሻ አልቀረም።
ሁለት ወታደሮች፣ ዓይናቸው የጨለመ፤
አንዲት እርምጃ ብቻ፣ ከዚያ ተፈጸመ።
እሱም ያውቀዋል። ኤሊሶም ታውቃለች
(የቴላቪ ልጅ ናት፣ ሁለት የፊት ጥርሷን ጥላለች)፤
በወረቀቷ ጥግ ድመት ትስላለች።

ሰዓቱ ግን ገና። አርባ አንድ ደቂቃ
በኦቲያ በኩል፣ እንዳልተፈታ ዕቃ።
እሱም አይጫወት። እጁን ከጭኑ ሥር
ቀብሮ ተቀምጧል፣ ዓይኑን ሳያዞር
ወደዚያ፣ ወደ በር።

መጀመሪያ የሚያስብ መሰለኝ። ሞኝ ነኝ።
ቆይቶ፣ ቆይቶ ነው እግሩ የነገረኝ።
የወንበሩን እግር በእግሩ ቆልፎታል፣
መልሕቅ የጣለ ጀልባ ይመስላል።
ያኔ ገባኝ። ልጁ መላ አይደለም የሚሻ፤
ንጉሡ ያጣውን እሱ አገኘ፣ መሸሻ።

እዚህ አባት አይገባም። ሕጉ ነው። ዝምታ።
ስልክ የለም፣ አሠልጣኝ የለም፣ ሁካታ።
«ፈረሱን ለምን ሰጠህ?» የሚል የለም እዚህ።
ከበሩ ወዲያ ግን ሌላ ዝምታ አለ፤ ያኛው አይደለም እንደዚህ፤
ሦስት ሰዓት መንገድ ነው፣ መጥረጊያው መስኮቱን ሲጠርግ፣
ማንም ማንንም ሳያይ፣ ሬዲዮ ሳይከፈት።
«ዝም አይነቅዝም» ያለ ሰው ያን መኪና አልተሳፈረም።

እኔ ተሳፍሬያለሁ። የኔስ ባቡር ነበር።
አሥር ዓመቴ ነው፤ ከትብሊሲ፣ ከእናቴ ጋር።
ሁለተኛ ወጥቼ፣ የብር ሜዳሊያዬን
ኮቷ ኪስ ከተተችው፣ ሳታይ እንኳ ፊቴን፣
እንደ ያገለገለ ትኬት።
እስከ ዛሬ አላውቅም የት እንዳለ፣ የት።

ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም። ጠዋት አይቼዋለሁ፣
ተንበርክኮ የልጁን የጫማ ክር ሲያስር፤
ጣቶቹን በትንፋሹ ያሞቅለት ነበር።
በዚያው ትንፋሽ ነው አሁን መስታወቱ የጠቆረ።

አሥራ ዘጠኝ ቀረ።
የኤሊሶ እናት በጣቷ ትጠይቃለች፣ «ምን ሆነ?»
አልመለስኩም። ስድስት። ሁለት።
ሰዓት ወደ ኋላ ማዞር ያማረኝ ዛሬ ብቻ አይደለም።
ዳኛ ነኝ ግን። ቆሜ አየሁት ሲያልቅ።

ኤሊሶ እጇን ዘረጋች፤ ወዲያው ወደ እኔ ዞረች፤
«አሁን ሽንት ቤት ልሂድ?» አለች።
እሱ ፈረመ። ፊደሉ ተንጋደደ።
ሌላው ሁሉ ሄዷል፤ አዳራሹ በረደ።

በሩን አየ። እኔም አየሁ።
«ኦቲያ፣» አልኩት፣ «ሠላሳው ሰሌዳ
ለነገ ሳይደረደር ማንም አይሄድም።»
የሆቴሉ ልጆች ሥራ ነው። ዋሸሁ።
ካርዴን ከአንገቴ አውልቄ ኪሴ ከተትኩ፣
ዳኛ እንዲህ አይዋሽም።

ጀመረ። አንድ በአንድ፣ እየቀስ፣ እየቀስ፣
ወታደር በመስመሩ፣ ንግሥት፣ ግንብ፣ ንጉሥ።
መቶ ሃያ ፈረስ፤
የሁሉንም ፊት ወደ ባሕር አደረገ፣
ጀርባቸው ለበሩ።
አባቱ ከማዶ፣ በኮቱ እጅጌ፣
የራሱን ደመና ጠረገ።